አንድ ሱሪ ስንት ዘመን ይለበሳል?

(ደሴ ውስጥ የድሮ የተማሪ ፎቶግራፎችን ለማሰባሰብ በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር፤ እንደተነገረ የተጻፈ)

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

የተከበራችሁ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ መምህራን፣ እናንተም ከኋላ ተደርድራችሁ የቆማችሁ ተማሪዎች፤ ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች ለባለሥልጣን የተያዙ አይደሉም። ዛሬ ባለሥልጣን የለብንም። (ሳቅ)

የተሰጠኝ ርዕስ «የድሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ኑሮና ፋሽን» የሚል ነው። ሰፊ ነው፤ ሦስት ቀን ያስወራል። እኔ ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወደተዘረጉት ፎቶዎች ላጥብበው። ከየቤታችሁ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጀርባቸው ላይ ስምም ዓመተ ምሕረትም የላቸውም። ታዲያ ዘመናቸውን በምን እንለየው?

«በልብሱ ነዋ!» ትላላችሁ። ሱሪው ጠባብ ከሆነ 1950ዎቹ፣ እግሩ ከጉልበት በታች ሰፊ የሆነው ቤልቦተም ከሆነ 1960ዎቹ፤ አለቀ። እንዲህ ቀላል ቢሆን እኔም አልጠራም ነበር። የደሴ ተማሪ ሱሪ ግን ዋሾ ነው። ታላቅ ወንድም ለብሶት፣ ታናሽ ለብሶት፣ ልብስ ሰፊው ሦስት ጊዜ ፈትቶት ነው ፎቶ ላይ የሚገኘው። ስለዚህ አራት ነገር በተራ ላንሣ፤ ጨርቁ ከየት እንደመጣ፣ ሱሪው፣ ፀጉሩ፣ ጫማው። ጊዜ ከተረፈን ደግሞ ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ስንቅ እጨምራለሁ።

መጀመሪያ ጨርቁ።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ጉም የማያጣት ከተማ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ኮምቦልቻ ትደርሳላችሁ፤ ከዚህ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት። ይህን የምለው ጂኦግራፊ ለማስተማር አይደለም። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወር የተነሡ ሁለት ፎቶዎች አንዱ በእጀ ጉርድ ሸሚዝ፣ አንዱ በሹራብና በኮት ቢሆኑ ዘመናቸው ተለያየ ብላችሁ አትፍረዱ። አንዱ የኮምቦልቻ ልጅ፣ አንዱ የደሴ ልጅ ነው። ደሴ ላይ ሹራብ ፋሽን አልነበረም፤ ግዴታ ነበር። ሹራቡ ግን ከሥሩ ብዙ ነገር ይደብቅ ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ከጨርቁ ሳንወጣ፣ የመንገዱ ነገር ደግሞ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወጣው መንገድ እዚህ ያልፋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ወደ ባቲ ታጥፎ አሰብ ወደብ የሚያወርደው ይገነጠላል። ጨርቅ፣ ልባሽ፣ ሬዲዮ፣ ሰዓት በዚያ መንገድ ወጣ። ልብሱ በመኪና ሲመጣ አለባበሱ ደግሞ በሰው መጣ። በ1955 መጀመሪያ የአሜሪካው ፒስ ኮር በጎ ፈቃደኛ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በየክፍለ ሀገሩም ተበተኑ። ከ1957 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወጥተው የሚያገለግሉበት ደንብ ሲጀመር፣ ከስድስት ኪሎ የወጣው ወጣት ጠመኔ ይዞ ክፍል ውስጥ ቆመ። እስቲ አስቡት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ብቻ የሚበልጠውን አስተማሪ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ምኑን ነው? ጥቁር ሰሌዳውን ነው? ሱሪውን ነው እንጂ!

ደግሞ ይህ ነገር እንዲያው ዝም ብሎ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም። መጋቢት 1960 ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት ላይ ተማሪዎች ተቃውሞ አንሥተው ነገሩ ወደ ግርግር ሄዷል። ሚኒ ስከርት የባዕድ ባህል ወረራ ነው ያሉት እነዚያው ተማሪዎች ናቸው። እዚያ ቆመው ከተቃወሙት መካከል ቤልቦተም የለበሰ አልነበረም ብሎ የሚምል ካለ ይነሣና ይማል። (ሳቅ) ፋሽን ሲወገዝ በብዛት የሴቷ ቀሚስ ነው የሚወገዘው፤ የወንዱ ሱሪ ይታለፋል። ይህን በቅንፍ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሱሪው።

ጠባቡ ሱሪ ጫፉ ላይ ተዘርግቶ ሲለካ 18 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ዙሪያው 36 ማለት ነው። ቤልቦተም ሲመጣ 30 ሆነ፤ ዙሪያው 60። ተማሪው አዲስ ሱሪ መግዣ ከየት ያመጣል? ያለችው አንድ ሱሪ ናት። እና ሲንጀሩን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ወደሚሰፋው ሰው ይሄዳል።

ሰፊው ምን ያደርጋል? ከጉልበት በታች የውስጡንም የውጭውንም ስፌት ይፈታል። ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ያዘጋጃል፤ ቁመታቸው ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ የታች ወርዳቸው ስፌቱ የሚበላው ሳይቆጠር 12፣ 12። አንዱን በውስጥ፣ አንዱን በውጭ ያስገባል። ዙሪያው 36 የነበረው 24 ተጨምሮበት 60 ሆነ። ሂሳቡ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ጠርዝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ለስፌት መጨመር አለበት፤ ያን የረሳ ሰፊ 28 ይሰጥና «30 ነው» ብሎ ይከራከራል።

ምን ይበላሻል? ብዙ ነገር ይበላሻል። ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ ቁራጩ በውጭ በኩል ብቻ ከገባ እግሩ ይጠመዘዛል፤ ሲራመድ የፊተኛው መስመር ወደ ጎን ይዞራል። ቁራጩ ሲቆረጥ የክሩ አቅጣጫ መሐሉን ይዞ ቀጥ ብሎ ካልወረደ፣ ከታጠበ በኋላ አንዱ ጥግ ይንዘላዘላል። የባሰው ደግሞ ካኪን በቴትሮን መቀጠል ነው። ካኪ ጥጥ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ቴትሮን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ አይሰበሰብም። ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ስፌቱ ተጨማዶ ሱሪው እንደ ኩርፊያ ይሆናል። ጥሩ ሰፊ አዲሱን ካኪ መጀመሪያ ነክሮ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ነው የሚቆርጠው። ተማሪው ግን ለቅዳሜ ነው የሚፈልገው፤ አይታገሥም።

ቁራጩስ ከየት ይገኛል? ከራሱ ከሱሪው እጥፋት። ወላጅ ልብስ ሲያሰፋ «እንዲያድግበት» ብሎ ወደ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያስተርፍ ነበር። እሱ አልበቃ ካለ የኋላ ኪስ ይፈታል። እሱም ካላዳረሰ ሌላ ቀለም ይገባል። ፎቶዎቹ ላይ ጎኑ በሌላ ቀለም የተቀጠለ ሱሪ ታያላችሁ፤ ዛሬ ሆን ተብሎ የተሠራ ዲዛይን ይመስላችኋል። መጀመሪያ የማጣት ነበር። በኋላ ሙሉ ጨርቅ ያለውም ልጅ ሆን ብሎ አስቀጠለው፤ ያኔ ፋሽን ሆነ።

የደሴ ጭቃ ደግሞ አለ። ጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሱሪ ተረከዝ እስኪረግጥ ይወርዳል። ከሮቢት ወይም ከሸዋ በር እስከ ትምህርት ቤት በእግር ለሚመጣ ልጅ አንድ ክረምት ይበቃል፤ የኋላው ጫፍ ተበልቶ ክሩ ይንጠለጠላል። ብልኆቹ ተረከዙ በሚያርፍበት በኩል በውስጥ ጠንካራ የጨርቅ ጥብጣብ ያሰፉ ነበር። ጥብጣቡ ሲያልቅ ጥብጣቡን መቀየር ነው፤ ሱሪው ይተርፋል።

ቤልቦተም ሲያልፍበትስ? ሱሪው ይጣላል? ማን ይጥላል! ቁራጮቹ ይወጡና እግሩ እንደገና ይጠባል፤ ለታናሽ ይተላለፋል። በአጋጣሚ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሱሪ ካለ ገልብጣችሁ እዩት፤ ከጉልበት በታች ቁራጩ በነበረበት በኩል የመርፌ ቀዳዳ ተርታ ይታያል። ጨርቁም ከስፌቱ ውስጥ የቆየው ደመቅ፣ የተረፈው ፈዘዝ ይላል። ለዚህ ነው ሱሪ ብቻውን ዓመት አይነግርም የምለው።

ስለ ኮት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህችን በደንብ ስሙኝ፤ ፎቶ ለምትለዩ ልጆች ትጠቅማለች። ሱፍ ኮት ፊቱ ሲነጣ ይገለበጥ ነበር። ሰፊው ሙሉ በሙሉ ፈትቶ የውስጡን ገጽ ወደ ውጭ አድርጎ መልሶ ይሰፋዋል፤ አዲስ ይመስላል። አንድ ነገር ግን አይደበቅም። በግራ ደረት የነበረችው ኪስ በቀኝ ትመጣለች። የቁልፍ ቀዳዳውም ወደ ቀኝ ይዞራል። ታዲያ ፎቶ ላይ የቀኝ ደረት ኪስ ስታዩ «የተገለበጠ ኮት ነው» ለማለት አትቸኩሉ፤ ፎቶ ቤቱ ኔጋቲቩን ገልብጦ አትሞትም ሊሆን ይችላል። እንዴት ትለያላችሁ? ሸሚዙን እዩ። የሸሚዙ ቁልፍ እንደ ወንድ ሸሚዝ ሆኖ ኮቱ ብቻ ከተገለበጠ፣ ኮቱ ነው። ሸሚዙም አብሮ ከተገለበጠ፣ ፎቶው ነው።

ስለ ኮት ካነሣን ደግሞ አንድ ጨዋታ ልስጣችሁ። ማትሪክ ለመመዝገብ ጉርድ ፎቶ ያስፈልግ ነበር፤ ፎቶ ቤቱም ለዚሁ የሚያውሰው ኮትና ክራቫት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያስቀምጥ ነበር። ከንግግሩ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ጉርዶች እዩና ያው አንዱ ኮት በስንት ልጅ ትከሻ ላይ እንዳለ ቁጠሩ። ለአንዱ እጅጌው ጣቱን ይሸፍናል፣ ለአንዱ ደረቱ አይዘጋም። (ሳቅና ጭብጨባ)

አሁን ደግሞ የልብስ ተኩሱ። ሱሪ ያለ መስመር ሱሪ አይደለም፤ ይህ የዘመኑ ሕግ ነው።

የከሰል ካውያ ያለው ቤት ጌታ ነው። ከሰሉ ጭሱ እስኪያልቅ ይቀጣጠላል፤ ካውያው ውስጥ ገብቶ ይከደናል። ከዚያ ደጅ ወጥቶ ወደ ፊት ወደ ኋላ ማወዛወዝ ነው፤ አየር ገብቶ ያጋግመዋል፣ አመዱም እዚያው ይራገፋል። ይህን ቤት ውስጥ ያደረገ ሰው አመዱ ነጭ ሸሚዝ ላይ ሲያርፍ ያገኘዋል። ካኪ ከሆነ ውሃ በአፍ ተይዞ «እፍ» ተብሎ ይረጭበታል፤ ጥጥ እርጥበት ካላገኘ መስመር አይዝም። ቴትሮን ከሆነ ግን እርጥብ ጨርቅ ሳይደረብ ካውያ አይነካውም። ከነካው መጀመሪያ ያብለጨልጫል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል። የቀለጠው አይመለስም፤ የካውያው ቅርጽ ጭን ላይ ታትሞ ይቀራል። ፍንጣሪ ደግሞ አለ፤ ቴትሮን ላይ አንዲት ፍንጣሪ ስትወድቅ ዙሪያዋ የጠነከረ ክብ ቀዳዳ ትሠራለች፤ ያችን ቀዳዳ መርፌ አያነሣትም። መስመሩ እንዲቆይ የፈለገ ሱሪውን ገልብጦ በመስመሩ ውስጥ ደረቅ ሳሙና ያሸበታል፤ ከዚያ መልሶ በፊቱ በኩል ይተኩሰዋል። የሳሙናው ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ዛሬም ሞክሩት። ዝናብ ከመታው ግን ነጭ አረፋ ያወጣል፤ የደሴን ሰማይ አይቶ ነው።

ካውያ የሌለውስ? ሱሪውን በትንሹ አርጥቦ፣ በመስመሩ አጥፎ፣ ፍራሽ ሥር ዘርግቶ ይተኛበታል። ከላይና ከታች ንጹሕ ጨርቅ ማድረግ አለበት፤ ጋዜጣ ያደረገ ጠዋት የጋዜጣ ቀለም ጭኑ ላይ ያገኛል። ሌሊት የተገላበጠ ደግሞ ሁለት መስመር ያወጣል፤ እንደ ባቡር ሐዲድ። ከሁለት ሰው ጋር በአንድ ፍራሽ ለሚያድር ተማሪ ይህ ትልቅ ፈተና ነው።

ልጃገረዶቹን ረሳኋቸው እንዳትሉኝ። የቀሚሱ ነገር በወገብ ላይ የሚያልቅ ነው። ከቤት ሲወጣ ጉርድ ቀሚሱ ከጉልበት በታች ነው፤ እናት ታያለች፣ ጎረቤት ያያል። መንገድ ላይ ወገቡ ይጠቀለላል። አንድ ጥቅል ሦስት፣ አራት ሳንቲ ሜትር ያነሣል፤ ሁለት ጥቅል እጥፍ። ችግሩ ወገብ ላይ ጉብ ይላል። ሹራቡ ይደብቃል ያልኩት ይህን ነው! ሹራቡ በላይ ይወርድና ማንም አያውቅም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ወይም አስተማሪ ሲታይ ደግሞ በአንድ እጅ ደብተር ተይዞ በአንድ እጅ መፍታት ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት ይህ ዘዴ አስቸጋሪ ነው፤ ሹራብ ለብሶ መታየት ራሱ ያስጠረጥራል።

ወደ ሦስተኛው፤ ፀጉር።

ሱሪ ይወረሳል፤ ፀጉር አይወረስም። ስለዚህ ፎቶ ስትለዩ ከልብስ ይልቅ ፀጉር እመኑ። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ቢል ነው የሚያድገው። የክረምቱ ዕረፍት ሁለት፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ፎቶ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚደርስ አፍሮ ካያችሁ ልጁ ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው መቀስ አልነካውም ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ወር ከአባቱ፣ ከርዕሰ መምህሩና ከአያቱ ጋር ተሟግቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ማታ ይታጠባል፤ እርጥብ ሳለ ወፈር ወፈር ተደርጎ ይጎነጎንና በላዩ ሻሽ ታስሮ ይታደራል። ጠዋት ሲፈታ ተዘርግቶ ይወጣል። ከዚያ ሚዶ! አያቶቻችን የሚያበጥሩባት ጥርሷ ረጃጅም የእንጨት ሚዶ። ከውጭ የመጣው ፋሽን በሀገር ቤት ዕቃ ነው የተሠራው፤ ማበጠሪያውማ ከድሮም ቤታችን ነበር። ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ይኬዳል፤ ከሥር የጀመረ ፀጉሩን ይበጥሰዋል። ሲያልቅ በሁለት መዳፍ ዙሪያውን መታ መታ አድርጎ ክብ ማድረግ ነው። ቅቤ በጥቂቱ ብቻ፤ ከበዛ ፀጉሩ ይተኛል፣ ኮሌታውንም ያበላሻል። የደሴ ካፊያ ካገኘው ደግሞ ትምህርት ቤት ሳይደርስ በግማሽ ተኮማትሮ ይገባል።

አንድ የዘመን ምልክት እዚህ ላይ ልጨምር። ታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ወደ ገጠር ወጡ። ዘመቻው በ1968ም ቀጥሎ ነበር፤ ስለዚህ ከጀርባው «12ኛ ክፍል፣ 1968» የሚል የክፍል ፎቶ ካገኛችሁ ተጠራጠሩ፤ ወይ ዓመቱ በኋላ በግምት የተጻፈ ነው፣ ወይ ቦታው ሌላ ነው። የካኪ ልብስና የካኪ ኮፍያ በቡድን ሆነው፣ ከበስተጀርባ ጎጆ ካለ ግን የዘመቻ ፎቶ ሊሆን ይችላልና ባለቤቱን ጠይቁ።

ጫማውን ቶሎ ልለፈው። ነጭ ሸራ ጫማ በጠመኔ ይነጣ ነበር፤ ጠመኔው ተፈጭቶ በውሃ ይለወስና በጨርቅ ይቀባል፣ በጥላ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ካሉት ይሰነጣጠቃል። የጠመኔው ምንጭ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ መምህራን ስላላችሁ አልናገርም። (ሳቅ) ኮንጎ ጫማ ሲተረተር በጋለ ቢላዋ ይበየዳል፤ ቢላዋው ከመጠን በላይ ከጋለ ላስቲኩ ይነድና ጠቁሮ ይሰነጠቃል። ታኮ ጫማ ከሁሉም ጋር ስለማይገኝ ለፎቶ ይዋዋሱት ነበር፤ ፎቶዎቹ ላይ ቁመቱ በድንገት የጨመረ ልጅ ካያችሁ እግሩን ተመልከቱ።

ጊዜው ሄደ፤ ስለ ኪራይ ቤቱ አንድ ነገር ብቻ። ከአምባሰል፣ ከወሎው ቦረና፣ ከደላንታ፣ ከወረኢሉ የመጣው ተማሪ ሦስት አራት ሆኖ በደባልነት ይከራያል። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። ሰኞ ገበያ ዘመድ ሲመጣ ይቀበላል፤ ስለዚህ የሳምንቱ ሀብታም ቀን ሰኞ፣ የሳምንቱ ደሃ ቀን እሑድ ነው። በኩራዝ ነው የሚጠናው፤ ጠዋት አፍንጫ ውስጥ ጥላሸት አለ። ያ ሁሉ መስመር የያዘ ሱሪ፣ ያ ሁሉ ክብ አፍሮ የወጣው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ በሆነው በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ግቢ የተነሡትን ፎቶዎች ስታዩ፣ ዝንጥ ብለው የቆሙት የሀብታም ልጆች ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ብዙዎቹ ደባሎች ናቸው፤ ደባል ደግሞ ኮት ይጋራል። ተረኛው ነው ፎቶ የሚነሣው።

አሁን ልመናዬን ልናገርና ልቀመጥ። ቤታችሁ ፎቶ ያላችሁ፣ አልበም ላይ በሙጫ የተለጠፈውን አትላጡት፤ ከነገጹ አምጡት፤ እንዳለ እናነሣዋለን። ከጀርባው በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፤ ለስላሳ እርሳስ ይሁን፣ ሳትጫኑ፣ ጠርዝ ላይ። ስም ስትጽፉ ከግራ ወደ ቀኝ መሆኑን አመልክቱ፤ የማታውቁትን ሰው ቦታ ባዶ ተዉት እንጂ አትገምቱ። ልብሱ የማን እንደነበረ የሚያውቅ አዛውንት ካለ ይህንንም ጻፉልን፤ «ኮቱ የወንድሙ ነው» የምትል አንዲት መስመር ከዓመተ ምሕረት ትበልጥብናለች። ድሮ የተሰፋ ሱሪ ወይም ቀሚስ ያላችሁ ደግሞ ሳታጥቡና ሳትተኩሱ አምጡ። የምዝገባው ጠረጴዛ በሩ አጠገብ በስተግራ ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። አመሰግናለሁ።